ሽጉጡ ለቀኝ እጅ፣ እኔ ግራኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ያለ መሣሪያ ጥበቃ ስሠራ ቆይቼ አሁን ወደ ታጠቀ ጥበቃ ለመዛወር ሥልጠና ላይ ነኝ። ችግሬ ግራኝ መሆኔ ነው። የሚሰጡን ሽጉጥ የድሮ ግሎክ 17 ነው፤ ካዝና (የጥይት መያዣውን) የሚያስወጣው ቁልፍም፣ ስላይዱን (ከላይ ወደ ኋላ የሚንሸራተተውን ብረት) ከፍቶ የሚይዘው ምላስም በግራ ጎኑ ብቻ ነው ያለው። አሠልጣኙ ደግሞ "በቀኝሽ ልመጂና ተገላገይ" ይለኛል። ልጅ ሆኜ በግራ ስጎርስ እናቴ እጄን ትመታኝ ነበር፤ አሁንም በዚህ ዕድሜዬ? — ግራኟ

መልስ፦ እህቴ፣ እጅሽን አትቀይሪ። በቀኝ መጉረስ ይለመዳል፣ ስንት ግራኝ ለምዶ አይተናል። ጭንቅ ሲመጣ ግን ሰው የሚቀድመው የገዛ እጁ ነው። ድንጋይ ወንጭፈው ጠጉር እንኳ አይስቱም የተባለላቸው 700 የብንያም ሰዎችም ግራኞች ነበሩ፤ ማንም በቀኛችሁ ልመዱ ያላቸው የለም።

አሠልጣኙ ነጥብ ሊኖረው የሚችለው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ዓይንሽ። ሁለት እጅሽን ዘርግተሽ በመዳፎችሽ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሥሪና ሩቅ ያለ ነገር በዚያ እይ፤ ከዚያ አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ። ግራሽን ስትጨፍኚ ዕቃው ከጠፋ የምታነጣጥሪው በግራ ዓይንሽ ነው፣ ጉዳዩ አለቀ። ቀኝሽን ስትጨፍኚ ከጠፋም ብዙ ግራኞች ሽጉጡን ትንሽ ወደ ቀኝ ዓይናቸው ጠጋ አድርገው በግራ እጃቸው ይተኩሳሉ።

አሁን ወደ ቁልፎቹ። ግሎክ ላይ በአውራ ጣት የሚገፋ ሴፍቲ፣ ማለትም መቆለፊያ፣ ስለሌለ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያሳስብሽ። አንደኛው የካዝናው ቁልፍ ነው። ሽጉጡን በግራሽ ስትይዢ ቁልፉ ሌባ ጣትሽ ባለበት ጎን፣ ከቃታው ቀለበት ኋላ ይውላል። ቀኝ እጅ ተኳሽ በአውራ ጣቱ ነው የሚጫነው፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ሽጉጡን መዳፉ ውስጥ ትንሽ ማዞር አለበት። አንቺ ግን ሌባ ጣትሽን ከቃታው አውጥተሽ ትንሽ ወደ ኋላ ስታጥፊው ቁልፉ ላይ ያርፋል። ሌላው ቀርቶ ያን ሰዓት ጣትሽ ቃታው ላይ አለመኖሩን ያስገድድሻል፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ትርፍ ካዝናሽን ታዲያ በቀኝ ወገብሽ በኩል ያዢ፣ የጥይቶቹ ጫፍ ወደ ፊት ይሁን። መሥሪያ ቤቱ የቀኝ የወገብ መያዣ ከሰጠሽ አትቀበዪ፤ ለግራ እጅ የተሠራ አለ፣ ጠይቂ።

ሁለተኛው የስላይዱ ምላስ ነው። ጥይት ሲያልቅ ስላይዱ ተከፍቶ ይቀራል፤ አዲስ ካዝና ካስገባሽ በኋላ ምላሱን ፈልጎ መጫን አያስፈልግሽም። ቀኝ እጅሽን ከላይ አምጥተሽ የስላይዱን ኋላ በመዳፍሽ ጨብጠሽ እስከ መጨረሻው ሳቢና ልቀቂ። አብረሽው አትሂጂ፣ በራሱ ጉልበት ይዘጋ። በምላሱ መዝጋት ከፈለግሽም ሌባ ጣትሽ ይደርስበታል፣ ግን የድሮው ግሎክ ምላስ ቀጭንና ጠፍጣፋ ስለሆነ ጣት ሲያልበው ያንሸራትታል። ባዶ መሆኑን ለማሳየት ስላይዱን ከፍተሽ ማስቀረት ስትፈልጊ በቀኝሽ ወደ ኋላ እየሳብሽ በግራ ሌባ ጣትሽ ምላሱን ወደ ላይ ትገፊያለሽ። እዚህ ጋ ተጠንቀቂ! ግራኝ ሰው ስላይድ ሲስብ አፈሙዙ ሳይታወቀው ወደ ቀኝ ይዞራል፣ በቀኝሽ ደግሞ ሌላ ሠልጣኝ ቆሟል። ክርንሽን አጥፈሽ ሽጉጡን ወደ ደረትሽ ቀረብ አድርጊ፣ አፈሙዙ ግን ዒላማው ላይ ይቆይ።

ሌላ ማንም የማይነግርሽ ነገር ልንገርሽ። ጥይትሽ የት እንደሚያርፍ አይቶ ስህተትሽን የሚነግርሽ ያ ክብ ሥዕል የተሠራው ለቀኝ እጅ ነው። ቃታውን ነጥቆ የሚስብ ቀኝ እጅ ተኳሽ ጥይቱ ወደ ታች ግራ ይሄድበታል፤ ያንቺ ወደ ታች ቀኝ ይሄዳል። ሥዕሉን በመስታወት እንደምታዪው ገልብጠሽ አንብቢው።

ሽጉጥ የመምረጥ ዕድል ካገኘሽ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመጣው አራተኛው ትውልድ ግሎክ የካዝና ቁልፉ ወደ ቀኝ ጎን ይቀየራል፤ በ2017 የወጣው አምስተኛው ደግሞ በዚያ ላይ የስላይድ ምላስ በሁለቱም ጎን አለው። ትውልዱ ስላይዱ ላይ ተጽፏል፣ ካልተጻፈ የድሮ ነው። ሲግ ፒ320 እና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤም ኤንድ ፒም ለግራኝ ያስባሉ። የአሜሪካ ጦር ራሱ ከድሮው ኮልት 1911 ወጥቶ በ1985 ቤሬታን ሲወስድ ሴፍቲው በሁለቱም ጎን ነበር። ግን ሁለት ነገር ልብ በይ። ቁልፉን ወደ ቀኝ ካዞርሽ ቁልፉ የሚይዝበት ቀዳዳ በአንድ ጎን ብቻ የተቆረጠ የድሮ ካዝና አይይዝልሽም፣ ሁለቱም ጎን የተቆረጠ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ባለሁለት ጎን ምላስ ላይ የግራ አውራ ጣትሽ ቀኙን ምላስ ተጭኖት ስላይዱ ጥይት ሲያልቅ ሳይከፈት ሊቀር ይችላል፤ ሽጉጡ ተበላሸ ብለሽ ከመጮህሽ በፊት አውራ ጣትሽን ዝቅ አድርጊ። የመሥሪያ ቤቱን ሽጉጥ ግን ራስሽ አትፍቺ፣ መሣሪያ ጠጋኙ ያድርገው፤ ከአንቺ በኋላ ተረኛ የሚሆነው ቀኝ እጅ ከሆነ ደግሞ ባለበት ተዪው።

እና ቤት ውስጥ ስትለማመጂ ካዝናውን አውጪ፣ ስላይዱን ስበሽ ውስጡን በዓይንሽም በጣትሽም አረጋግጪ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጪ። ልጆች ካሉ እነሱ ሲተኙ።

ጥያቄ፦ እኔም ግራኝ ነኝ። አባቴ በፈቃድ የያዙት ማካሮቭ ሽጉጥ አለን፣ ለእኔ ይመቸኛል? — ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፈቃዱ የአባትህ ከሆነ መጀመሪያ የራስህን ጨርስ፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ አይቻልም። ከዚያ በኋላ ማካሮቭ ለግራኝ ግማሽ ያህል ይመቻል። ካዝናው የሚለቀቀው ከእጀታው ታች ባለው መንጠቆ ስለሆነ ግራ ቀኝ የለውም፣ በሌላኛው እጅህ ትስበዋለህ። ሴፍቲው ግን ከስላይዱ ኋላ፣ በግራ ጎን ነው። የግራ አውራ ጣትህ አይደርስበትም፤ ቀኝ እጅህን አምጥተህ ነው የምትነካው፣ ስለዚህ በአንድ እጅ ለመሥራት አትመካበት። ወደ ላይ ሲሆን ይቆለፋል። ወደ ታች ሲወርድ ቀይ ነጥብ ይታይሃል፣ ያኔ ለተኩስ ክፍት ነው።