ቢትዊነስ ከማስላትሽ በፊት ኤጁ ምን እንደሆነ ወስኚ

ሰላም ለቤቱ። እህታችን የጠየቀችው ባጭሩ ይኼ ነው፦ ለማስተርስ ጥናቷ የአዲስ አበባን ትራንስፖርት በኔትወርክ ትንተና ልትሠራ ነው። አማካሪዋ ዘዴው በኤሌክትሪክ፣ በበሽታ ስርጭትና በማኅበራዊ ትስስር ላይ እንዴት እንደሚሠራም አነጻጽሪ ብሏታል። «ለሁሉም የሚሆነው ሴንትራሊቲ የቱ ነው? ቢትዊነስ ይበቃል ወይ?» ትላለች። ሴንትራሊቲ አንድ ነጥብ በመረቡ ውስጥ ምን ያህል ማዕከላዊ እንደሆነ የሚለካ ቁጥር ነው፤ ቢትዊነስ ደግሞ በሌሎች ነጥቦች መካከል ያሉት አጭር መንገዶች ምን ያህል በሱ እንደሚያልፉ የሚቆጥረው ዓይነት ነው።

ለሁሉም የሚሆን የለም። ከአንዱ ሙያ ወደ ሌላው የሚሻገረው ስሌቱ ነው፤ ትርጉሙ አብሮት አይሻገርም። መጀመሪያ ኖዱ (የመረቡ ነጥብ) ምንድን ነው፣ ኤጁ (ሁለት ነጥብ የሚያገናኘው መስመር) ምንድን ነው፣ በኤጁ ላይ የሚሄደውስ ምንድን ነው ለሚሉት አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። እነዚህን ሳትጽፊ የምታወጪው ቁጥር ሁሉ ሲጠየቅ መልስ አይኖረውም።

ቀላል ባቡሩን እንይ፤ ትንሽ ስለሆነ በእጅ ይሰላል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በነበረው አቀማመጥ እያንዳንዱ መስመር 22 ጣቢያ አለው፤ ከስታዲየም እስከ ልደታ ያሉት 5ቱ የጋራ ናቸው። ስለዚህ 39 ኖድ። ኤጅ ማለት «ሐዲዱ ላይ ተከታትለው ያሉ ሁለት ጣቢያዎች» ካልሽ 21 ሲደመር 21 ሲቀነስ 4፣ ማለትም 38 ኤጅ ታገኛለሽ። 39 ኖድ በ38 ኤጅ ከተያያዘ ግራፉ ዛፍ ነው፤ ዙር የለውም፣ ክላስተሪንጉ (የአንድ ኖድ ጎረቤቶች እርስ በርስ የመያያዛቸው መጠን) 0 ነው፣ የትኛውም ኤጅ ቢቆረጥ ለሁለት ይከፈላል። ይህ አሠራር ኤል-ስፔስ ይባላል። አሁን ትርጉሙን ቀይሪና ኤጅ ማለት «ባቡር ሳይቀየር የሚያገናኝ» በይው፤ ይኼኛው ፒ-ስፔስ ነው። እያንዳንዱ መስመር 231 ጥንድ ይሰጣል፣ በሁለቱም የተቆጠሩት 10 ጥንዶች ይቀነሳሉ፣ ድምሩ 452 ኤጅ ይሆናል። አማካይ ርቀቱ 1.39 ኤጅ፣ አማካይ ክላስተሪንጉ 0.95 ገደማ ነው። ሐዲዱ ያው፣ ባቡሩም ያው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚወድቀው። አጭር ርቀትና ከፍተኛ ክላስተሪንግ ሲታይ «ኔትወርኩ ስሞል ወርልድ ሆኖ ተገኝቷል» ተብሎ ይጻፋል። የተገኘ ነገር የለም፤ ፒ-ስፔስ ማንኛውንም መስመር ሁሉም ከሁሉም የተያያዘበት ቡድን ያደርገዋልና ቁጥሩ ከአሠራሩ የመጣ ነው። ግኝት ለማለት የሚወዳደርበት መነሻ ያስፈልጋል፦ የኖዶቹን ዲግሪ (የኤጃቸውን ብዛት) ሳይነኩ ኤጆቹን አቀያይሮ (በኤጅ ብዛት 10 እጥፍ ያህል ቅያሬ) 500 ወይም 1,000 የዘፈቀደ ግራፍ ማውጣትና ያንቺን ቁጥር ከእነሱ ጋር ማስተያየት። ለፒ-ስፔስ ደግሞ መቀያየር ያለበት ጣቢያው ከየትኛው መስመር ጋር እንደተያያዘ የሚያሳየው ሠንጠረዥ ነው እንጂ 452ቱ ኤጅ አይደለም።

ቢትዊነሱም እንዲሁ። በፒ-ስፔስ 5ቱ የጋራ ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው 57.8 ያገኛሉ፤ መቀየር የሚያስፈልጋቸው 289 ጥንዶች ለ5 ተካፍለው ማለት ነው። የቀሩት 34 ጣቢያዎች ዜሮ ናቸው። ግን ከአያት ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ሰው ስታዲየም ላይ ይቀይራል እንጂ ልደታ ድረስ አልፎ አይመለስም። ፒ-ስፔስ ይህን አያይም፣ ልደታንም ስታዲየምንም እኩል ያያቸዋል። ጥያቄሽ «ሐዲዱ የት ቢበላሽ ብዙ ሰው ይቆረጣል» ከሆነ ኤል-ስፔስ፤ «ስንት ጊዜ መቀየር ያስፈልጋል» ከሆነ ፒ-ስፔስ። «የት ይቀየራል» ከሆነ ሁለቱም አይበቁም፤ እያንዳንዱን ጣቢያ በየመስመሩ አንድ የመድረክ ኖድና አንድ የመንገድ ኖድ አድርገሽ ከፍለሽ መሳፈሪያውን ለብቻው ኤጅ ማድረግ አለብሽ።

ይህን መክፈል የጥበቃ ጊዜ ሲመጣም ታመሰግኚዋለሽ። ጥበቃው በየጣቢያው ኤጅ ላይ ከተደመረ አምስት ፌርማታ የሚሄድ ሰው አምስት ጊዜ ሲጠብቅ ይውላል፤ መደመር ያለበት መሳፈሪያው ኤጅ ላይ ብቻ ነው። ተሽከርካሪው በእኩል ልዩነት የሚመጣ ከሆነ አማካይ ጥበቃው የልዩነቱ ግማሽ ነው፦ በሰዓት 6 ከሆነ ልዩነቱ 10 ደቂቃ፣ ጥበቃው 5። ሚኒባስ ግን ሞልቶ ነው የሚነሳው፤ ለሱ ወረፋው ላይ ቆሞ መለካት እንጂ በቀመር አይሆንም፣ የጠዋቱን ግፊያና የቀኑን ለየብቻ።

ዌይት (ለኤጁ የሚሰጠው ቁጥር) ላይ ያለው ወጥመድ ውጤትን ይገለብጣል። በሰዓት 40 ሚኒባስ የሚመላለስበትን ኤጅ 40፣ 4 የሚመላለስበትን 4 ብለሽ ኔትወርክኤክስ (የፓይተን የኔትወርክ ማስያ) ውስጥ ቢትዊነስ ብታሰሊ ፕሮግራሙ 40ውን እንደ ርቀት ያነበዋል፤ አጭሩ መንገድ ጭር ባለው መስመር ያልፋል። ፔጅራንክ (ሌላ የሴንትራሊቲ ስሌት) እና ሉቫን (ኖዶችን በቡድን የሚከፍል ስሌት) ግን ያንኑ ቁጥር እንደ ጥንካሬ ያነቡታል። ሠንጠረዡ ላይ ሁለት ዓምድ ይኑርሽ፣ አንዱ ጥንካሬ፣ ሌላው ወጪ በደቂቃ።

ወደ ማኅበራዊ ትስስር ስትሄጂ ፒ-ስፔስ ስሙን ቀይሮ ይጠብቅሻል። የዕድር መዝገብ ሁለት ዓይነት ኖድ አለው፣ ሰውና ዕድር። «አንድ ዕድር ውስጥ ያሉ ይገናኛሉ» ብለሽ ወደ ሰው ለሰው ከቀየርሽው 200 አባል ያለው አንድ ዕድር ብቻውን 19,900 ኤጅ ይወልዳል፤ 20 ሰው ያለው ዕቁብ ግን 190። በየሳምንቱ የሚተያዩት የዕቁቡ ሰዎች በዕድሩ ይዋጣሉ። ወይ ሁለቱን ዓይነት ኖድ እንዳሉ ተያቸው፣ ወይ እያንዳንዱን ትስስር ለአባላት ቁጥር ሲቀነስ አንድ አካፍዪው፦ የዕድሩ 1/199፣ የዕቁቡ 1/19 ይሆናል። ቢትዊነስ በማኅበራዊ ታሪክ የሠራበትን ማሳየት ከፈለግሽ የፍሎረንስ ቤተሰቦች የጋብቻ መረብ አለ፦ 15 ቤተሰብ፣ 20 ጋብቻ። ሜዲቺ 6 ዝምድና፣ ስትሮዚ 4 አላቸው፤ በቢትዊነስ ግን 0.52 ለ0.10 ነው።

ኤሌክትሪክ ላይ ግን ቢትዊነስን ባትነኪው ይሻላል። ኃይል አጭሩን መንገድ አይመርጥም፤ በኪርቾፍ ሕግ መሠረት በሁሉም መስመር ላይ እንደ ኢምፒዳንሱ (መስመሩ ለኤሌክትሪክ ፍሰት እንደሚያሳየው ተቃውሞ) ይከፋፈላል። በመስከረም 28 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ አንድ መስመር ዛፍ ነክቶ ከአገልግሎት ወጣ፤ ጭነቱ ወደ ሌሎቹ ሄዶ አጨናነቃቸው፣ ተከታትለው ወጡ፣ ከሰርዲኒያ በቀር ኢጣሊያ በሞላ ጨለመች። እዚህ የሚያስፈልገው ቢያንስ ዲሲ ፓወር ፍሎው (በየመስመሩ የሚያልፈውን ኃይል የሚገምት ቀለል ያለ ስሌት) ነው፤ አንድ አንድ መስመር እያወጡ የቀሩት አቅማቸውን ማለፍ አለማለፋቸውን ማየት።

በሽታ ላይ የሚረሳው ጊዜ ነው። አልማዝና በቀለ ማክሰኞ ተገናኙ፣ በቀለና ጫልቱ ግን ሰኞ ነው የተገናኙት፤ ጊዜውን ያጠፋ ግራፍ አልማዝ በበቀለ በኩል ጫልቱን አስያዘች ይላል፣ ይህ አይሆንም። የግንኙነት ቀን ያለበት ዓምድ ከሌለሽ የመንገድ ስሌት አትሥሪ፤ ዲግሪ ይበቃሻል። መረቡ ሙሉ ባይታወቅም የሚሠራ ዘዴ አለ፦ በዘፈቀደ ሰው መርጦ «አንድ ጓደኛህን ጥራልኝ» ማለትና የተጠራውን መከተብ ወይም መከታተል። የተጠራው ሰው በአማካይ ከጠሪው የበለጠ ግንኙነት አለው። በ2009 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ላይ 744 ተማሪዎች በዚህ መንገድ ሲታዩ በጓደኝነት የተጠሩት ቡድን ጉንፋኑን ከሌሎቹ 13.9 ቀን ቀድሞ አሳይቷል።

አሁን ወደ ዳታው። ከምንም በላይ የሚያበላሸው የፌርማታ ስም ነው። ሣሪስና ሳሪስ፣ ስድስት ኪሎና 6 ኪሎ ኮምፒውተሩ ላይ የተለያዩ ኖዶች ናቸው፤ አንዱ ቦታ ለሁለት ተከፍሎ ዲግሪው ይጎድላል፣ መረቡም የተበጠሰ ይመስላል። ሠን ወደ ሰ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነርባታቸው ቀይሪ፣ ቁጥሩን በፊደል አድርጊ፣ ከዚያ በቦታ አመሳክሪ። ስሙ አንድ ሆኖ ቦታው የተለያየም አለ፤ ሜክሲኮ ዙሪያ ያሉትን ሰልፎች በ150 ሜትር ነው ወይስ በ300 ሜትር የምታዋህጂያቸው? በሁለቱም ሠርተሽ ደረጃው ካልተለወጠ ብቻ ነው ማመን የሚቻለው። ርቀት በኬንትሮስ ዲግሪ እንዳትለኪ፣ መጀመሪያ ወደ ዩቲኤም (በሜትር የሚለካ የካርታ ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ቀይሪው። ካርታውንም ከከተማው ወሰን ጥቂት ኪሎ ሜትር አስፍተሽ ቁረጪ፣ አለበለዚያ ዳር ያሉት መናኸሪያዎች ትራፊካቸው ተቆርጦ ዝቅ ይላሉ።

ፍጥነቱ የሚያሳስብሽ የመንገድ መረብ ከጨመርሽ ብቻ ነው። የቢትዊነስ ስሌት የኖድና የኤጅ ብዛት ሲባዙ ያህል ሥራ ይጠይቃል፤ 50,000 በ120,000 ማለት 6 ቢሊዮን እርምጃ ነው። ለዚያ አይግራፍ የተባለውን ፈጣን ፕሮግራም ተጠቀሚ ወይም ከ500 እስከ 1,000 መነሻ ኖድ ብቻ ናሙና ውሰጂ። ቡድን ለማውጣት ከሉቫን ይልቅ ላይደን የተባለውን ስሌት እመርጣለሁ፤ ሉቫን አንዳንዴ በውስጣቸው ያልተያያዙ ኖዶችን አንድ ቡድን ብሎ ያወጣል።

የኤጅ ሠንጠረዥሽን የመጀመሪያ 20 ረድፍ እዚሁ ለጥፊው፣ ዓምዶቹን አይተን የጎደለውን እንነግርሻለን።