አፕላንድ ሩዝ ውሃ ሲያጥረው ሥሩ ምን ያደርጋል?

ወንድሜ፣ ኔሪካ-4 የተባለውን አፕላንድ ሩዝ (ውሃ ሳይተኛበት በደረቅ መሬት በዝናብ የሚበቅለውን) ዘርተህ ዝናቡ ስላቋረጠ ቅጠሉ መጠቅለል ጀምሯል። የጠየቅከው ደግሞ «ሥሩ ራሱ ውሃ ፍለጋ ይወርዳል ወይስ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ላጠጣው?» ብለህ ነው። ፎገራ አካባቢ ከሩዝ ጋር የቆየሁ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርህ።

በየቀኑ ማርከፍከፉን ተወው። የላዩ አፈር ብቻ ሲረጥብ ሥሩም እዚያው ላይ ይከማቻል፤ ፀሐይ ስትበረታ ቀድሞ የሚደርቀው ደግሞ ያው የላዩ አፈር ነው። ውሃ ካለህ አልፎ አልፎ፣ ግን ጠገብ አድርገህ ስጠው።

ሥሩስ ይወርዳል? ውሃ ሲያጥር ተክሉ ቅጠል ማብዛቱን ቀነስ አድርጎ ጉልበቱን ወደ ሥሩ ያዞራል። ቁልቁል መውረዱ ግን በዘሩ ይወሰናል። በ2013 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ኪናንዳንግ ፓቶንግ ከሚባል የፊሊፒንስ አፕላንድ ሩዝ ዲአርኦ1 የተባለ ጂን አግኝተው ነበር። ሥሩ ወደ ጎን ወደሚሄደው አይአር64 ወደተባለ የሩዝ ዘር ሲያስገቡት ሥሩ ቁልቁል ወረደ፤ በድርቅም የተሻለ ምርት ሰጠ።

ዘሩ ጥሩ ሆኖም መሬቱ እምቢ ሊል ይችላል። የበሬ ማረሻ ብዙ አይጠልቅም፤ በየዓመቱ እዚያው ጥልቀት ላይ ሲመላለስ ከማረሻው በታች ያለው አፈር ይጠጥራል። ስለዚህ ከመወሰንህ በፊት ቆፍረህ እይ። ከተክሉ ስንዝር ያህል ራቅ ብለህ እስከ ክንድ ድረስ ውረድ። የጉድጓዱን ግድግዳ በቢላ ጫር ጫር አድርገህ ውሃ ብትረጭበት ሥሮቹ ፍንትው ብለው ይታያሉ። ነጫጮቹ ቁልቁል ከወረዱ አይዞህ። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ወደ ጎን ከታጠፉ ግን ዝናቡን ብቻ አትውቀስ፤ ያገዳቸው ጠጣሩ ነው። ዘንድሮ ምንም አታደርገውም፣ ከአጨዳ በኋላ ጠለቅ አድርጎ ማረስና ኮምፖስት መጨመር ነው። መሬትህ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ሲሰነጠቅ ሥሩን ይበጥሰዋል፤ ስንጥቁን በኩትኮታ ዝጋው።

ቅጠሉ ቀትር ላይ ተጠቅልሎ ማታ ከተዘረጋ ብዙም አትደንግጥ። ሲነጋም እንደተጠቀለለ ካገኘኸው ያኔ ከብዶታል። በአበባ ሰዓት ውሃ ካጣ ፍሬው ባዶ ገለባ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ያለህን ውሃ በተለይ ለዚያ ጊዜ ቆጥብ። ለመሆኑ ሩዝህ አሁን ስንት ሳምንቱ ነው? እሱን አልጻፍክልንም።