አልተጣላንም፤ ታዲያ ምን ሆነን ነው?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 11 ዓመታችን ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን። ተጣልተን አናውቅም ማለት ይቻላል፤ ግን ቤታችን ዝም ብሏል። የምናወራው ስለ ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ አስቤዛ ብቻ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳጎረሰኝ አላስታውስም። እናቴ «ተቀያይማችኋል» ትለኛለች፤ ጓደኛዬ «ተኮራርፋችሁ ነው» ትላለች፤ እሱ ደግሞ «ምንም አልሆንንም» ይላል። ባለፈው ማታ የድሮ መምህሩን መንገድ ላይ እንዳገኘው ሲነግረኝ ስልኬ ላይ ስለነበርኩ «እ» ብዬ አለፍኩት፤ እሱም አልቀጠለም። ምን ሆነን ነው? ሽማግሌ ልጥራ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ለችግርሽ ስም መፈለግሽ ጥሩ ነው። ስሙን ከሳትን መድኃኒቱንም እንስታለን።

ኩርፊያ ምክንያቱ የታወቀ ነው። ያኮረፈ ሰው ዝም ሲል «ነይና ምን ሆንክ በይኝ» ማለቱ ነው፤ ጀርባውን ቢሰጥሽም ጆሮው አንቺ ጋ ነው። ቂም በደል ይዟል፤ ይቅርታ ይፈልጋል። ግንኙነት ሻከረ የሚባለውም ገና ሲነካኩ ነው፤ ሻካራነት የሚታወቀው ሲዳሰስ ነውና። በደብዳቤሽ ውስጥ ከእነዚህ አንዱንም አላየሁም። የእናንተ መራራቅ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ መቀዛቀዝና መጠፋፋት ናቸው። «ተጠፋፋን እኮ!» የምንለው መንገድ ላይ ስንገናኝ እየተሳሳቅን ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሆን ግን ያማል።

እስቲ ቃሉን ቀስ ብለሽ በይው፦ ተራራቅን። «ራቀኝ» ብትይ አድራጊው እሱ ብቻ ይሆን ነበር። «ተራራቅን» ሁለታችሁንም ይዟል፤ «ራ»ም ተደግማለች፣ ለእኔ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ ሌላ እርምጃ ሆና ትሰማኛለች። ይህን የምልሽ ጥፋተኛ ላደርግሽ አይደለም። «መቀራረብ»ም በዚያው መልክ የተሠራ ቃል ስለሆነ ነው፤ እሱም በሁለት ሰው፣ እርምጃ በእርምጃ ነው የሚመጣው።

ሽማግሌውን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ የሚጠይቅሽ «ምን በደለሽ?» ብሎ ነው፤ ምን ትመልሻለሽ? ባልሽም ሰው ፊት የተከሰሰ ይመስለውና ይበልጥ ዝም ይላል።

«አልተጣላንም» ብለሽ ግን አትዘናጊ። አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጆን ጎትማንና ሮበርት ሌቨንሰን ባለትዳሮችን ለ14 ዓመታት የተከታተሉበትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 አሳትመዋል። ቶሎ የፈረሱት ትዳሮች ክርክርና ንቀት የበዛባቸው ነበሩ። ዘግይተው የፈረሱት ደግሞ ጨዋታና ፍቅር የደረቀባቸው ነበሩ። ጠብ ስለሌለ ማንም አይደነግጥም፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ጎትማን በሌላ ሥራው ያተኮረው በጣም ትንሽ በሆነች ነገር ላይ ነው፦ አንዱ ለሌላው የሚያሰማት ጥሪ። «ዝናቡ ጀመረ እኮ» ማለት ብቻውን ጥሪ ነው፤ ስለ ዝናቡ አይደለም፣ «አለሽ?» ማለት ነው። የመምህሩም ወሬ እንደዚያው ነበር። ባልሽ ከውጭ አንድ ነገር ይዞልሽ ገባ፣ የሚቀበለው አጣ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። ያቺን ማታ ሳትረሺ ጽፈሽልኛል፤ ልብሽ አውቆታል ማለት ነው። አንቺም የጠራሽባቸውና እሱ ያልሰማባቸው ማታዎች እንደሚኖሩ አልጠራጠርም፤ እነሱን ለመቁጠር ግን አትቸኩዪ።

አንድ ነገር ልለይልሽ። እሱን የምትፈሪው ከሆነ፣ ወይም እጁን የሚያነሳብሽ ከሆነ፣ ነገሩ መራራቅ አይደለም፤ መጀመሪያ ደኅንነትሽ ይቅደም። እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ከተለወጠ፣ ከጓደኞቹም ከሥራውም ከሸሸ ደግሞ ድባቴ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው። ከእነዚህ ውጭ ከሆነና ለጥቂት ወራት ሞክረሽ ካልተለወጠ፣ ሁለታችሁም ወደ ትዳር አማካሪ ሂዱ።

«መነጋገር አለብን» ብለሽ አታስቀምጪው፤ ያ ዓረፍተ ነገር ብዙ ወንድ ያስደነብራል። ዛሬ ልጆቹ ሲተኙ ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጪና አጠገቡ ተቀመጪ። «ያ መምህርህን እንዴት ሆኖ አገኘኸው? ያን ቀን በደንብ አልሰማሁህም» በይው። በሁለት ቃል ቢመልስልሽም አትነሺ፤ እዚያው ቆዪ።