«ለጓደኞች ብቻ» ብዬ ነበር እኮ

ጥያቄ፦ ስለ ቀድሞ አለቃዬ ፌስቡክ ላይ የጻፍኩትን «ለጓደኞች ብቻ» አድርጌ ነበር። አንዱ ጓደኛዬ ስክሪንሹት አንስቶ ለሰውየው ላከለት። አሁን የጠበቃ ደብዳቤ ደርሶኛል። ገጼ ላይ ግን ምንም የለም። ጓደኛዬን መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ንዴትዎ ይገባኛል፤ በጓደኛ መከዳት ያማል። ግን ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ምን እንደጻፉ አንድም ቃል የለም።

ስለ ጓደኛዎ ባጭሩ፦ ሕጉ ከአገር አገር ቢለያይም ክሱ ብዙ ቦታ ደካማ ነው። ሴቲንጉ ማን እንደሚያይ ይወስናል እንጂ ያየው ሰው ምን እንደሚያደርግ አይወስንም። በብዙ አገር ስም ማጥፋት የሚባለውም አንድ ሌላ ሰው ካነበበው ይበቃዋል። «አለቃዬ ኃይለኛ ነበር» እና «የሠራተኛ ገንዘብ ይበላ ነበር» ደግሞ አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን ጽፈው ከሆነ ማስረጃ ይጠየቃሉ። አለዎት?

እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን «ገጼ ላይ ምንም የለም» ያሉት ነው። መቼ አጠፉት? ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኋላ ከሆነ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትልቅ ስህተት ሠርተዋል። ደንበኞቼ ደብዳቤ ሲያዩ ደንግጠው መጀመሪያ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ስክሪንሹቱ በሌላው ወገን እጅ አለ። የጠፋው የእርስዎ መከላከያ ነው፦ ሙሉው ጽሑፍ፣ ቀኑ፣ «ለጓደኞች ብቻ» የሚለው ምልክት፣ ከሥሩ ያሉት ኮመንቶች። ፍርድ ቤት ደግሞ ማስረጃ አጠፉ ሊልዎ ይችላል። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ሚስቱን በመኪና አደጋ ያጣ አንድ ከሳሽ በጠበቃው ምክር 16 ፎቶ ከፌስቡክ አጠፋ። ካሳ የሚገባው ሰው ነበር። ፎቶዎቹ በባለሙያ ተገኙ፤ እሱ 180,000፣ ጠበቃው 542,000 ዶላር እንዲከፍሉ ታዘዙ። ጉዳዩ እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2013 እ.ኤ.አ. ተወሰነ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ትራሹን ይክፈቱ። ፌስቡክ ወደ ትራሽ የገባን ፖስት አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ያቆየዋል። ካገኙት ሙሉውን ቀድተው ያስቀምጡ። ወደ ገጹ ሲመልሱት ሰው እንዳያየው ወዲያው «ለእኔ ብቻ» ያድርጉት። አካውንትዎን አይዝጉ። ከዚያ ደብዳቤውን፣ ቅጂውንና የሥራ ውልዎን ይዘው የአገርዎን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። ደብዳቤው ላይ ቀነ ገደብ ካለ ሳያልፍ ይድረሱ። መቼ እንዳጠፉትም አይደብቁት።

በራስዎ መልስ አይጻፉ። ለጓደኛዎም በሜሴንጀር ቁጣዎን አይላኩ፤ እሱም ስክሪንሹት ይነሳል።