ጃቫስክሪፕትን ትቼ በኤክስኪዌሪ ብቻ ብሠራስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለዓመታት የሠራሁት ኤክስኤምኤል ዳታቤዝ ላይ ነው፤ መረጃው በታግ ተዋቅሮ እንደ ዛፍ የሚቀመጥበት። ይህን መረጃ የምንጠይቅበትን ቋንቋ፣ ኤክስኪዌሪን፣ እጄ ለምዶታል። አሁን ግን «ብራውዘር ላይ የሚታየውንም አንተው ሥራው» ተባልኩ። ከጃቫስክሪፕት ጋር ደግሞ ከጅምሩ አልተዋደድንም። ኤችቲኤምኤልም እንደ ኤክስኤምኤል ዛፍ ከሆነ፣ ገጹን በኤክስኪዌሪ ብቻ ማንቀሳቀስ አይቻልም ይላሉ?
ከጃቫስክሪፕት የተጣላሁ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እብድ አይደለህም። ካንተ በፊት የሞከሩት አሉ። የዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንኑ ሐሳብ ሠርተው አሳይተዋል። ስክሪፕት በሚለው ታግ ውስጥ ኤክስኪዌሪ ትጽፋለህ፤ በተን ሲነካ የሚሆነውንም በዚያው ቋንቋ ታዛለህ። ችግሩ፣ መጀመሪያ ብራውዘሩ ላይ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) መጫን ነበረበት። ማን ይጭናል? በኋላ ኤክስኪዌሪውን የሚያስኬደውን ሞተር ወደ ጃቫስክሪፕት ቀይረው አቀረቡት። ጃቫስክሪፕትን ሊተካ የመጣው ራሱ ጃቫስክሪፕት ሆኖ አረፈው!

ምኞትህ ግን ይገባኛል። ያልተከፈሉ ሂሳቦችን በቀን ደርድረህ በሠንጠረዥ ማሳየት ፈለግህ እንበል። በ«ፎር» አንድ በአንድ ታነሳለህ፣ በ«ዌር» የተከፈለውን ታስቀራለህ፣ በ«ኦርደር ባይ» ትደረድራለህ፣ በ«ሪተርን» ረድፉን ከነታጉ ትጽፋለህ። አለቀ። እውነቱን ለመናገር ግን የዛሬው ጃቫስክሪፕትም በ«ፊልተር»፣ በ«ሶርት» እና በ«ማፕ» ብዙም አይርቅም።

የሚያጣላህ ሌላ ቦታ ነው። ኤክስኪዌሪ የተሠራው ለመጠየቅ ነው፤ ገጽ ደግሞ ሁልጊዜ ይለወጣል። ለመለወጫ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የኤክስኪዌሪ ተጨማሪ መስፈርት ለውጦቹን ሰብስቦ የሚተገብረው ጥያቄው ሲያልቅ ነው። እኔ አንዴ በዚህ አንድ ሙሉ ምሽት አቃጥያለሁ። ዝርዝር ላይ አንድ ነገር ጨምሬ እዚያው ብቆጥር፣ ቁጥሩ ፍንክች አይልም። ኮዴ ተሳስቷል ብዬ አገላበጥኩት። ለካ ትክክል ነው፤ የጨመርኩት ገና ቦታው አልደረሰም!

እና ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ሙሉ በሙሉ አትተካ። ክሊኩን፣ ከሰርቨር ጋር መነጋገሩን ለጃቫስክሪፕት ተወው። ፍለጋውን ውሰድ። የኤክስኪዌሪ እምብርት የሆነው ኤክስፓዝ (በዛፉ ውስጥ መንገድ እየጠቆሙ መፈለጊያ ቋንቋ) በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ውስጥ አብሮ አለ፤ «ዶክዩመንት» ላይ «ኢቫልዌት» የሚለውን ፈንክሽን ጥራ። የሚያውቀው የ1999ኙን የኤክስፓዝ 1.0 እትም ብቻ ቢሆንም ይበቃል። «ያልተከፈለ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሴል ፈልጎ ወደ ረድፉ መውጣት በአንድ መስመር ያልቃል። ሲኤስኤስ ሴሌክተር (በገጽ ማስዋቢያው ቋንቋ ኤለመንት መምረጫው) በጽሑፍ ይዘት መፈለግ አይችልም። ከ1.0 በላይ ከፈለግህ ፎንቶኤክስፓዝ የሚባል ላይብረሪ አለ። ኤክስኪዌሪ 3.1ንም ያስኬዳል። እሱም በጃቫስክሪፕት ነው የሚሠራው፣ አትናደድ። ብራውዘሮች ውስጥ ባለው ኤክስኤስኤልቲ (ኤክስኤምኤልን ወደ ሌላ ቅርጽ መቀየሪያ ቋንቋ) ላይ ግን አዲስ ሥራ አትመሥርት፤ የክሮም ሰዎች ሊያወጡት ማቀዳቸውን በ2025 አስታውቀዋል።

ስትጀምር ሁለት ነገር ያደናቅፍሃል። አንደኛው፣ ገጹ ላይ ኤስቪጂ (በታግ የሚጻፍ) ሥዕል እያየኸው በስሙ ስትፈልገው ባዶ እጅህን ትመለሳለህ። ኔምስፔሱ (የታጉ ስም የሚመደብበት ቤተሰብ) ሌላ ስለሆነ ነው። «ማንኛውም ኤለመንት፣ ስሙ ኤስቪጂ የሆነ» ብለህ ጠይቀው፣ ይመጣል። ሁለተኛው ቆጠራ ነው። ኤክስፓዝ ከ1 ይጀምራል፣ ጃቫስክሪፕት ከ0። እኔ እስካሁን ሁለቱን በአንድ ፋይል ስጽፍ ቢያንስ አንዴ የተሳሳተ ረድፍ አጠፋለሁ።