ጠዋት ጠዋት ምስጋና ከየት ይምጣ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሲሆን ከቤት የምወጣው ጎህ ሳይቀድ ነው። የስድስት ዓመት ልጄ ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ደረሰ ተብሎ ከትምህርት ቤት የወረቀት ተርኪ ይዞ መጣ። በየላባው ላይ የምናመሰግንበትን ነገር መጻፍ ነው። «እማዬ፣ አንቺስ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ጠዋቴ ጫማ ፍለጋ፣ ጩኸትና ከመኪና መስታወት ላይ ውርጭ መፋቅ ነው። ምስጋና ቢስ ሆኜ ይሆን? በዚያ ላይ ዘንድሮ በዓሉ ጾም ውስጥ ገባብኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጎህ ሳይቀድ ልጅ አልብሳ፣ በብርድ መስታወት ፍቃ፣ የሰው እናት ልትንከባከብ የምትሄድን ሴት ምስጋና ቢስ የሚላት ካለ እኔ ጋ ይምጣ። ደክሞሻል እንጂ ምስጋና አላጣሽም።

በዓሉም ቢሆን በደስታ ሰዓት የታወጀ አይደለም። አሜሪካኖች ሲያወሩ በፈረንጆቹ 1621 ፕሊመዝ የሰፈሩ እንግሊዞች ካከበሩት የመከር በዓል ይጀምራሉ። ፕሬዚዳንት ሊንከን በመላ አገሪቱ እንዲከበር ያወጀው ግን በ1863፣ እርስ በርስ ሲዋጉ፣ ከጌቲስበርግ ውጊያ ጥቂት ወራት በኋላ ነው። አዋጁ ውስጥ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶችና ወላጅ ያጡ ልጆች ተነስተዋል። ስለዚህ ፊትሽ ባይፈካም ማመስገን ትችያለሽ።

«በየጠዋቱ የምስጋና ደብተር ያዢ» የሚሉሽን ተያቸው። ጫማ በምትፈልጊበት ሰዓት ደብተርና እስክሪብቶ ልትፈልጊ ነው? የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮበርት ኢመንስና ማይክል ማካሎ በፈረንጆቹ 2003 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ በሳምንት አንዴ ብቻ እስከ አምስት የሚያመሰግኑበትን ነገር የጻፉ ሰዎች፣ ያማረራቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። ልብ በዪ፣ በሳምንት አንዴ ነው።

እኔ የምልሽ፣ ጠዋትሽ ላይ ምንም አትጨምሪ። ካለው ውስጥ አንድ ነገር ምረጪ፤ የሰው እጅ ያለበት ቢሆን ደስ ይለኛል። ከዚያ ለዚያ ሰው ያደረገልሽን ነገር ለይተሽ ንገሪው። እዚህ አገር «ታንክ ዩ» በር ለያዘልሽም ይባላል፤ ጆሮ ለምዶታል፤ እሱ ብቻ አይበቃም።

ፓርኪንግ ውስጥ ሌሊት ስሠራ የሚቀይረኝ ሰውዬ ሁሌ ቀደም ብሎ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን «አንተ ስለምትቀድም ልጄን ራሴ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ» አልኩት። ሰውየው ደነገጠ። ማንም ልብ ያለው አልመሰለውም ነበር። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ቡና ይዞልኝ መምጣት ጀመረ። እንደ ውሃ የቀጠነ ቡና ነው፣ ግን እጠጣው ነበር።

አንቺንም ጠዋት ተራ የምታስረክብሽ አለች አይደል? «አዛውንቶቹን ንጹሕ አድርገሽ ስለምትቆይኝ ጠዋቴ ይቀላል» በያት። እውነት ከሆነ ነው ታዲያ። ካልሆነ ሌላ ፈልጊ፤ የውሸት ምስጋና ያስታውቃል። አገር ቤት ሰው ካለሽም መኪናው እስኪሞቅ ደውዪ። ከኖቬምበሩ የሰዓት ለውጥ በኋላ ልዩነቱ 8 ሰዓት ነው፤ አንቺ ጋ ገና ሳይነጋ እነሱ ምሳ በልተዋል።

ላባው ላይ «ጤና»፣ «ቤተሰብ» ብለሽ አትገላገዪው። ልጅሽ ጠዋት ያደረገውን አንድ ነገር ጻፊ። ጫማውን ራሱ ያገኘበት ቀን የለም?

ጾሙን በተመለከተ፣ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24፣ አንዳንዴም 25 ማለት ነው። ታንክስጊቪንግ የወሩ አራተኛ ሐሙስ ስለሆነ ከ22 እስከ 28 ባለው ይውላል። መጋጨታቸው የተለመደ ነው፣ አትጨነቂ። ክራንቤሪው የጾም ነው፣ ስኳር ድንቹንም ያለ ቅቤ በዘይት ጥበሽው። የዱባ ፓይ ስም አያታልልሽ፤ እንቁላልና ወተት አለበት። ለልጅሽ ግን አንድ የተርኪ እግር ግዢለት፤ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ የመጾም ግዴታ የለበትም።