ኃይል በሌለው መርከብ ላይ የመጎተቻ ሽቦ ማሰር

«ሞተሩም መብራቱም የጠፋ መርከብ በማዕበል መሃል ከባዱን የመጎተቻ ሽቦ በምን ይስባል?» ላልከው፦ ከባዱ ሽቦ ቀድሞ አይሄድም። ጎታቿ መርከብ መጀመሪያ ቀጭን ገመድ ትተኩሳለች። እሱን በእጅ ትስባላችሁ፤ ወፈር ያለው ይከተላል፤ ሽቦው መጨረሻ ላይ ነው።

ሽቦውን ያለ ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ የሚስብ ማሽን) መሳብ ግን የማይታሰብ ነው። ለዚህ ነው 20,000 ቶንና ከዚያ በላይ የሚጭኑ ነዳጅ ጫኞች ከኋላቸው የተዘጋጀ የአደጋ ጊዜ መጎተቻ እንዲኖራቸው የሚገደዱት። ያለ ኃይል፣ አንድ ሰው ከመጎተቻው ጫፍ ጋር የተያያዘውን መሪ ገመድ ባሕር ላይ ይጥላል፤ ጎታቿ አንስታ ራሷ ትስበዋለች። ያንተ መርከብ ላይ የት እንዳለ ዛሬውኑ እይ።

ወንድሜ፣ ዴክ (የመርከብ የላይ ወለል) ላይ ስሠራ ለአዲስ ልጅ ሁሉ የምለው፦ ካሰርክ በኋላ ቦታውን ቶሎ ልቀቅ። የተወጠረ ገመድ ሲበጠስ ተመልሶ ይመታል፤ ይገድላል። አይበጠስም አትበል። እ.ኤ.አ. በ1978 ፈረንሳይ ጠረፍ ላይ አሞኮ ካዲዝ የተባለችውን ነዳጅ ጫኝ መርከብ ስትጎትት የነበረችው የጀርመኗ ፓሲፊክም መጎተቻዋ ተበጥሶባታል።